በግምት የተራመደው ሰው

ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ «ቆጣሪው» ነው የሚለው። ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ በየበሩ አንኳኩቷል፣ የብረት ዘንጉን ከጉድጓዱ ክዳን ቀለበት አስገብቶ ስቧል፣ ተንበርክኮ፣ ቦታው ካልተመቸም በደረቱ ተኝቶ፣ ከሸረሪት ድርና ከጭቃ ሥር ያለችውን ትንሽ መስታወት በአውራ ጣቱ ጠርጎ ቁጥሩን በቅጹ ላይ አስፍሯል። በወጣትነቱ «ሌላ እስካገኝ» ብሎ የያዘው ሥራ ነበር። ሌላውን አላገኘም፤ ኋላ ኋላም መፈለጉን ተወው።

ድርሻው ሁለት ሰፈር ነው። ታችኛው ሰፈር ሜዳ፣ ላይኛው ሰፈር ዳገት። የትኛው ውሻ ጮኾ ጮኾ እንደሚተው፣ የትኛው ሳይጮህ እንደሚነክስ ያውቃል። የትኛው ቆጣሪ ከዶሮ ቤት ሥር እንደ ተቀበረ፣ የትኛው ክዳን በጫማ ካልተመታ እንደማይከፈት ያውቃል። ሰዎቹንም በውሃቸው ያውቃቸዋል። ውሃው ሲጨምር እንግዳ መጥቷል ወይም ልጅ ተወልዷል፤ ሲቀንስ ልጅ ተድሯል ወይም ሰው ሞቷል። አንድ ጊዜ የአንዲት ሴት እርግዝና ከባሏ ቀድሞ እንዳወቀ ይነገራል። ወሬውን የሚያወራው ግን እሱ ራሱ ስለሆነ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም።

በሥራው ውስጥ ግምት የሚባል ነገር አለ። በሩ ካልተከፈተ አንባቢው በቅጹ ላይ «ዝግ» ብሎ ይጽፍና ያለፉትን ወራት አይቶ ቁጥር ያስቀምጣል። የተፈቀደ ነው። ቆጣሪው በዚህ የታወቀ ነበርና አዳዲስ አንባቢዎችን የሚያሠለጥነው እሱ ነበር። «በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ቁጥር አታብዙ» ይላቸዋል። «ውሃ ተሰልፎ አይፈስም። ሁልጊዜም እኩል አትጨምሩ፤ አንድ ወር ዝቅ፣ ቀጥሎ ብድግ። እውነት የተወላገደች ናት።»

በሃምሳ ስድስት ዓመቱ እግሩን አመመው። ቀኝ ባቱን ነው። ዳገቱን ጀምሮ አራተኛው በር ጋ ሲደርስ አንድ ሰው ባቱን በመዳፉ ጨምቆ የያዘው ይመስለዋል። ሲቆም ይለቀዋል፤ ሲራመድ ይይዘዋል። ለአንድ ዓመት ያህል መላ ሲፈልግለት ኖረ። በቆመ ቁጥር ቅጹን ገልጦ የሚያነብ ይመስላል፣ ወይም የጫማውን ማሰሪያ ይፈታና ያስራል። ኋላ መላውም አለቀ። ከላይኛው ሰፈር የመጨረሻዎቹን አርባ ቤቶች፣ በራቸው ላይ ሳይደርስ፣ «ዝግ» እያለ ይጽፍ ጀመር።

ሦስት ወር ሄደለት። በአራተኛው ወር አንዲት አሮጊት በከዘራ እየተደገፉ ዳገቱን ወርደው ቢሮ ድረስ መጡ።

«ቤቱ ዝግ ነው ይላል ወረቀታችሁ» አሉ። «እኔ ከዚያ ግቢ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ዛሬ የወጣሁት ለእናንተ ስል ነው። ሞቼ ከሆነ ቁርጡን ንገሩኝ፤ ልጆቼም አልቅሰው ይውጣላቸው።»

የክፍሉ ኃላፊ ከቆጣሪው በአሥራ አምስት ዓመት የሚያንስ፣ ሥራውንም ከእሱ የተማረ ሰው ነው። ቆጣሪውን አስጠርቶ በሩን ዘጋና ወንበር ሳበለት።

«ጋሼ፣ እነዚያ አርባ ቤቶች በአንድ ቀን ተሰደዱ እንዴ?»

«የሉማ።»

«አሮጊቷ አሉ።»

«እሳቸው ጆሯቸው አይሰማም። ባንኳኳ ባንኳኳ…»

«እኔንማ ለምን ትጮህብኛለህ ነው ያሉኝ።»

ቆጣሪው የሱሪውን እግር ሰብሰብ አድርጎ ባቱን አሳየው። የሚታይ ነገር አልነበረበትም።

ኃላፊው ሊቀጣው አልፈለገም። ላይኛውን ሰፈር ለሦስት ወር ሌሎች እንዲሸፍኑለት አደረገና ቁርጡን ነገረው። በሦስቱ ወራት ውስጥ «መራመድ የሚጠይቅ ሥራ መሥራት ይችላል» የሚል ወረቀት ከጤና ጣቢያ ካመጣ ሁለቱም ሰፈሮች የእሱ ናቸው። ካላመጣ ለጡረታ የቀሩትን ሁለት ዓመታት ምድር ቤት፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ፣ የተበላሹ ቆጣሪዎችን እየመዘገበ ይጨርሳል።

«እዚያ እኮ ወንበር አለ» አለው ሊያጽናናው።

«ሬሳ ክፍልም አልጋ አለው» አለ ቆጣሪው።

የጤና ጣቢያው ሐኪም የክንዱንና የቁርጭምጭሚቱን የደም ግፊት ለክቶ አነጻጸረ። ወደ እግሩ የሚወርደው ደም ስር ጠብቧል። ሲጋራውን እንዲተው፣ ኪኒኑን እንዲውጥ፣ ከዚያም በባለሙያ ክትትል ወደሚሰጥ የእንቅስቃሴ ሕክምና እንዲሄድ ጻፈለት። ሲጋራውን በዚያው ሳምንት ተወው። ሰው ሲያደንቅለት «ዳገቱ ቀድሞ አስትቶኝ ነበር» ይላል።

የእንቅስቃሴ ሕክምናው የሚሰጠው በጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ቀድሞ መጋዘን በነበረ ረጅም ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት የመራመጃ ማሽኖች፣ ባሉበት የሚሽከረከሩ ሦስት ብስክሌቶች፣ ከግድግዳ ብረት ላይ የታሰሩ ወፋፍራም ላስቲኮች አሉ። ወለሉ ላይ በቢጫ ቀለም ሠላሳ ሜትር ተለክቶ በሁለቱ ጫፎች የፕላስቲክ ምልክት ቆሟል። ማክሰኞ ጠዋት ልብ የታመመው፣ ስኳር ያለበት፣ ወገቡ የተያዘ፣ ሁሉም እዚያ ይሰበሰባል። የምትመራቸው አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት። አንገቷ ላይ የሩጫ ሰዓት ታንጠለጥላለች፤ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ሰው ሲያታልላት ግን ቅንድቧ ከፍ ይላል።

«የእርስዎ ከሌላው ሰው ይለያል፣ ጋሼ» አለችው በመጀመሪያው ቀን። «ለሌላው ሲያምህ አቁም እላለሁ። እርስዎን ግን እስኪያምዎ ይሂዱ ነው የምልዎት።»

«ሕክምና ነው ቅጣት?»

«ለሕመሙ ቁጥር ይስጡት። አንድ ማለት ነካ አደረገኝ ነው። አምስት ማለት ከዚህ በላይ አልችልም። አራት ሲደርስ ይቆማሉ፤ ሲለቅዎት እንደገና ይሄዳሉ። እንዲህ እያሉ ሠላሳ ደቂቃ። ዋናው መስመር ጠብቧል። ጡንቻው ደም እየጠየቀ ሲያስቸግር በጎን ያሉት ትናንሽ መስመሮች ቀስ በቀስ ይሰፋሉ።»

ይህን ቆጣሪው ሐኪሙ ካስረዳው ይልቅ በደንብ ገባው።

«ከዋናው መስመር በጎን የተቀጠለ ማለት ነው» አለ። «እኛ ቤት ይህ ሕገወጥ ነው። መጥተን እንቆርጠዋለን።»

«እኔ ቤት ይፈቀዳል።»

ከጎኑ ብስክሌት ላይ የነበሩት ጡረተኛ መምህርት ሳንባቸው የታመመ ሴት ናቸው። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «እንግዲህ… ፈቃድ… አውጣ» አሉት።

በሳምንት አንድ ማክሰኞ ግን አይበቃም። ባለሙያዋ ትንሽ ደብተር ሰጠችው። በሳምንት አራት ቀን በሰፈሩ ውስጥ ይራመዳል፤ ስንት ደቂቃ ሄዶ ሕመሙ አራት እንደ ደረሰና ስንት ጊዜ እንደ ቆመ ይጽፋል።

«ማሽኑን የምጨምረው ደብተሩን አይቼ ነው» አለችው። «በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ ዛሬ እንዳደረጉት፣ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ስድስት ደቂቃ ይመላለሳሉ። አንዴም ሳይቆሙ ከጨረሱ የሚፈልጉትን ወረቀት እጽፍልዎታለሁ።»

በመጀመሪያው ሳምንት ወጣ። አምስት ደቂቃ እንደ ሄደ ባቱ ያዘውና ቆመ። የቆመው ግን ሰው በር ላይ ነበር፤ ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ ደግሞ ዝም የሚል ቤት የለም።

«ወሩ ሳይሞላ መጣህ?» አለች አንዲት ሴት በሩን ከፍታ።

«አልፎ ሂያጅ ነኝ።»

«አልፎ ሂያጅ ከሆንክ ምነው ተገተርክ?»

ሁለተኛው በር ላይ አንድ ሰውዬ እጁን ይዞ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ሊያሳየው አስገባው። ሦስተኛው ላይ ወንበር ወጣለት። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ ላይ ተቀምጦ የታየበት ቀን አልነበረም። አመስግኖ፣ ሳይቀመጥ፣ እያነከሰ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሳምንቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ከቤቱ በሰዓቱ ይወጣል፤ የሚሄደው ግን ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ወዳለ የሲሚንቶ አግዳሚ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጦ ይቆይና ደብተሩን ያወጣል። «ሐሙስ፤ 7 ደቂቃ፤ ሦስት ጊዜ ቆምኩ።» «ቅዳሜ፤ 8 ደቂቃ፤ ሦስት ጊዜ።» በመጀመሪያ ነገ እሄዳለሁ እያለ ነበር። በኋላ ያንንም ማለት ተወ። እዋሻለሁ ብሎም አላሰበም። ያልተከፈተ በር ነበረ፤ ያለፈውን አይቶ ቁጥር ማስቀመጥ ደግሞ ሙያው ነው።

ቁጥሮቹ የሚያምሩ ነበሩ። ከሰባት ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ አሥራ አንድ፤ በአራተኛው ሳምንት ወደ ዘጠኝ ወረዱና «ብርድ ስለነበረ ይሆናል» የሚል ተጻፈባቸው፤ ከዚያ ወደ አሥራ ሦስት ተነሡ። ባለሙያዋ ማክሰኞ ማክሰኞ እያገላበጠች ደስ ይላታል።

«እንደ እርስዎ ደብተር የሚይዝ የለኝም» አለችው።

መምህርቷ ይህን ሰምተው የራሳቸውን ስርዝ ድልዝ የበዛበት ደብተር ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ማሽኑ ላይ እንደ ደብተሩ አለመሆኑን አይታለች። ማሽን የሚፈሩ ሰዎች እንዳሉ ታውቃለችና በዚያ አሳበበችው። ደብተሩን አምና ፍጥነቱን ጨመረች፤ ቀጥላም ማሽኑን እንደ ዳገት አዘነበለችው። እሱ ብረቱን በሁለት እጁ አንቆ ይይዝና «ስንት ነው?» ስትለው «ሦስት» ይላል።

በስድስተኛው ሳምንት ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ባቱ ድንጋይ ሆነ። አምስት ካለፈ ቆይቷል፤ አልተናገረም። ቀኝ እግሩ ተጎተተ፤ በሁለት እጁ ብረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ባለሙያዋ ቀዩን ገመድ ስባ ማሽኑን አቆመችው። አስቀመጠችውና ጫማውንና ካልሲውን አወለቀች። በእግሩ ጀርባ ላይ የደም ምቱን በጣቷ ፈለገች፤ ከሌላው እግር ጋር አስተያየች፤ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ዳሰሰች። ፊቷ ተለወጠ።

«ቅዳሜ አሥራ ሰባት ደቂቃ ሄደዋል» አለች። «ዛሬ ሦስት። ጋሼ፣ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲህ የወረደ ከሆነ ደም ረግቶ መስመሩን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። የሚያድር ነገር አይደለም። አሁን ወደ ሆስፒታል እልክዎታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እነሱ ያያሉ። ቀዶ ጥገናም ሊሆን ይችላል። እዚህ የጀመርነው ግን ይቆማል።»

ይቆማል ማለት ወረቀት የለም ማለት ነው። ወረቀት የለም ማለት ዕቃ ክፍል ነው። እሷ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ መጻፍ ጀምራለች፤ በሌላ እጇ ስልኩን አንሥታ መኪና እያስጠራች ነው።

«አትጻፊ፣ ልጄ» አላት።

«አይፍሩ። ቶሎ ከደረሱ…»

«አልፈራሁም። ቅዳሜ አልሄድኩም።»

«ማለት?»

«አሥራ ሰባቱ ግምት ነው።»

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። «የትኛው አሥራ ሰባት?»

«ሁሉም ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ወዲህ ያለው በሙሉ።» ትንሽ አሰበና፣ «የመጀመሪያው ሳምንት ንባብ ነው» አለ።

ደብተሩን አንሥታ ገለጠችው። «እዚህ ጋ ግን ወርዷል። ብርድ ነበረ ብለው ጽፈዋል።»

«ካልወረደ አታምኚኝም ነበር።»

የብስክሌቶቹ ድምፅ ቆመ። መምህርቷ ወርደው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ በየመካከሉ እየተነፈሱ ተናገሩ። «እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ከጓደኛው የሚኮርጅ አይቻለሁ። ከመጽሐፍ የሚኮርጅ አይቻለሁ። ካልሠራው ሥራ ላይ የሚኮርጅ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። እግሩን እንደገና ዳሰሰችው። ከመጀመሪያው ቀን አልተሻለም፣ አልባሰም። እንዲያም ሆኖ ሐኪሙን አስጠራች፤ እሱም አይቶ ያንኑ ተናገረ። ያን ጊዜ የጀመረችውን ወረቀት ቀዳ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ማሽኑን ያዘነበልኩት እርስዎን አምኜ ነው» አለች። «ያን ሁሉ ሳምንት እየተንጠለጠሉ ነበር ማለት ነው። እግርዎ ባይሆን ልብዎ ቢሆንስ?»

ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ማጥለቅ ጀመረ።

«ስድስት ሳምንት ቀርቶናል። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ የጻፉትን አላነብም። አብሮዎት የሚሄድ ሰው ይጽፋል። ማን አለ?»

«ባለቤቴ።»

«ያውቃሉ?»

«ምኑን?»

«የማይሄዱትን።»

«ዛሬ ታውቃለች» አለ።

ባለቤቱ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። ከሥራ ገብታ የታጠበ ልብስ ስታጥፍ ነገራት። እጥፋቱን ሳታቋርጥ አዳመጠችው።

«ስድስት ሳምንት ጫማህን ስጠርግ፣ ይህ ሰው በአየር ላይ ነው እንዴ የሚሄደው እል ነበር» አለች። አንድ ሸሚዝ አጥፋ ሌላ አነሣች። «ከእኔስ ጋር? ይህን ሁሉ ዓመት የኖርከው በንባብ ነው በግምት?»

«ያንቺ በር ተዘግቶ አያውቅም።»

«ምነው እግርህን ትቶ አፍህን ባመመህ» አለች። ግን ሸሚዙን አስቀምጣ ክፍት ጫማዋን አወለቀችና ሽርጧን ፈትታ የመንገድ ጫማዋን ፈለገች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ አብራው ወጣች። ሰዓት የምትይዘው በስልኳ ነው፤ ደብተሩም በእጇ ነው።

«ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ፊትህ ሦስት ይላል።»

«ፊቴን ማን ጠየቀው?»

ሲቆምና በር ሲከፈት እሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት እሷ ትመልሳለች። «እግሩን ታሟል። ሐኪም ቁም፣ ሂድ ብሎት ነው። ውሃችሁን ሊያይ አልመጣም፤ ግቡ።» በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሳምንታት ሙሉ አግዳሚ ላይ ያስቀመጠው ነገር ሳምንት ሳይሞላው አለቀ። ሰዎች በመስኮት «ቆጣሪው፣ ስንት ደረሰ?» ማለት ጀመሩ። እሱም ቁጥሩን ይነግራቸዋል።

እሷ የያዘችው ደብተር የእሱን አይመስልም። ፊደሏ ትልልቅ ነው፤ ቁጥሮቹም አያምሩም። አምስት፣ አምስት፣ አራት፣ ስድስት፣ አምስት። አንድ ቦታ ላይ «ሐሙስ፤ 6 ደቂቃ። ሦስት አለ፤ አራት ነበር» ብላ ጽፋለች። ሌላ ቦታ ላይ ምንም ቁጥር የለም፤ «ተጣላን» ይላል ብቻ። ባለሙያዋ ይህን ገጽ አንብባ ቅንድቧን አላነሣችም።

በአሥረኛው ሳምንት ዳገቱን ሞከሩት። ሰባት ጊዜ ቆመው እነዚያ አርባ ቤቶች ጋ ደረሱ። አሮጊቷ ከበራቸው ላይ ነበሩ።

«ዛሬ ክፍት ነን?» አሉት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።»

«አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩትን ሴትዮ ዳገት አስወርደህ፣ መመለሻውን ደግሞ በሰው ጀርባ አስመጣኸኝ።» ባለቤቱን አዩና፣ «ልጄ፣ ይዘሽው ነው የምትዞሪው?» አሏት።

«ከለቀቅኩት ይቀመጥብኛል» አለች።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ማክሰኞ ጠዋት ባለሙያዋ ወለሉ ላይ ያሉትን ሁለት ምልክቶች አስተካክላ ሰዓቷን ያዘች። ደንቡ ደቂቃ ባለፈ ቁጥር ከመናገርና የሕመሙን ቁጥር ከመጠየቅ በቀር ማበረታታትም ማስፈራራትም አይፈቅድም። መምህርቷ ብስክሌታቸውን ትተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ሄደ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ሦስተኛው ላይ ባቱ ነካ አደረገው። አራተኛው ላይ ሦስት ሆነ። በመጀመሪያው ቀን እዚህ ጋ ሳይደርስ ቆሞ ነበር። አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ሲሆን ጭመቃው መጣ። ይህ አራት እንደ ሆነ አወቀ። የቀረው አንድ ደቂቃ ከትንሽ ነው። ከአራት ወደ አምስት ጥርስ ነክሶ የሚገባ ጊዜ ነው፤ ማሽኑ ላይ ሠርቶታል። ባለሙያዋ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው፤ እግሩን አታይም።

«ስንት ነው?» አለች ሳትዞር።

ሁለት እርምጃ ሄደ።

«አራት» አለና ቆመ።

ሰዓቱ አልቆመም። አርባ ሰከንድ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ፤ ሲለቀው ቀሪውን ሄደ። ስድስተኛው ደቂቃ ሲሞላ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል ነበር። ባለሙያዋ ከቆመበት ጀምራ ወለሉን ለካችና ጻፈች። በመጀመሪያው ቀን ከሄደው መቶ አሥር ሜትር ይበልጣል። አንድ ጊዜ ቆሟል።

ወረቀቱን ወዲያው ጻፈችለት። «በሜዳ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ሳይቆም ይራመዳል፤ ከአንድ ደቂቃ በታች አርፎ ይቀጥላል። ዳገት ያለ ብዙ ዕረፍት አይወጣም። ሕክምናውን መቀጠል ይኖርበታል።» ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይችላል የሚል ቃል የለውም» አለ።

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ ጋሼ።»

«ሳልቆም ብጨርሰውስ ኖሮ?»

«ያንንም እጽፈው ነበር።»

መምህርቷ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ አጠራቸውና በእጃቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ወረቀቱን በማግስቱ ለኃላፊው ሰጠው። ኃላፊው አንብቦ ገለበጠው፣ ጀርባው ላይ ሌላ ነገር ይኖር እንደሆነ።

«ይህ ይችላል ነው አይችልም?»

«ሁለቱንም ነው።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከረ። ሰውየውን ይወደዋል። «ጋሼ፣ ይህንን ለእኔ ተዉት። ሁለቱንም ሰፈር ይያዙ። ሜዳውን ያነባሉ። ላይኛው በከበደዎት ወር…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእነዚያን ሰዎች ውሃ እኮ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ያውቁታል። ዝግ የሚሏቸውን ቤቶች ያለዋውጡ፤ አንድ ወር እነዚህን፣ አንድ ወር እነዚያን። ማንም አያውቅም።»

እውነት ነበር፤ ማንም አያውቅም። ከዚህ በላይ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ሊሠራው የሚችል ሰው በዚያ ቢሮ ውስጥ አልነበረም። ላይኛው ሰፈር ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት በር አለ። የቆጣሪው ግማሽ ዕድሜ እዚያ ላይ ነው ያለፈው።

«ታችኛውን ስጠኝ» አለ። «ላይኛውን ለሌላ ሰው ስጥ።»

«ያስቡበት እንጂ።»

«አስቤበታለሁ። እዚህ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ጊዜ ነበረኝ።»

ዕቃ ክፍሉ ቀረለት። ላይኛው ሰፈር ከፓምፕ ጣቢያ ለተዛወረች፣ የሁለት ልጆች እናት ለሆነች አንባቢ ተሰጠ። ርክክቡ በደንቡ አንድ ቀን ነው፤ እነሱ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በአራትና በአምስት በር አንዴ ይቆማል። ሴትየዋ መጀመሪያ ላይ ለማስረዳት የቆመ መስሏት ቅጹን ገልጣ ጠበቀችው።

«ባቴ ነው» አላት። «ሲለቀኝ እንሄዳለን። እስከዚያ ግን ስለዚህ ቤት ልንገርሽ።»

እየቆመ ነገራት። የትኛው ቤት ሁለት ቆጣሪ እንዳለውና የማይሠራው የቱ እንደ ሆነ፣ የትኛዋ ባለቤት አስረግጠሽ ካልተናገርሽ እንደማትከፍት፣ የትኛው ግቢ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጉድጓዱ እንደሚሞላና ባልዲ እንደሚያስፈልግ። እሷ ትጽፋለች። አንዳንዴ እሱ ሲለቀው እሷ ጽፋ አልጨረሰችም ነበርና ይጠብቃታል።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ ሰባት በር ሲቀራቸው እግሩ እንደገና ያዘው።

«ስንት ነው?» አለችው። ቁጥሩን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለምዳዋለች።

«አራት።»

«ልጠብቅ ወይስ ልቀጥል?»

ቀሪዎቹን በሮች ቁልቁልና ሽቅብ አያቸው። ስለ እነሱ ሊነግራት የቀረው ነገር አልነበረም፤ ሁሉንም ትናንት ነግሯታል።

«ቀጥይ» አላት።

አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ሴትየዋ ሄዳ ቀጣዩን በር አንኳኳች። ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ፣ ምላጭ የያዘ ሰውዬ ከፈተ።

«ማን ልበል?»

«የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ።»

ሰውዬው ከእሷ ትከሻ በላይ ወደ መንገዱ ተመለከተ፤ አጥሩ ጋ የቆመውን አየና ምላጭ የያዘ እጁን አነሣለት። እሱም እጁን አነሣ። ሰውዬው በሩን ሰፋ አድርጎ ከፍቶ ሴትየዋን አስገባት።

ቆጣሪው ሰዓቱን አየ። ባቱ ለቅቆታል። ትንሽ ቆየና ዳገቱን ወረደ፤ ከሰዓት በኋላ ታችኛው ሰፈር ሠላሳ ስምንት በር ይጠብቀው ነበር።